የአንድ ሰንጋ አሥራ ሁለት መደብ

አባቴ ሰው እንዲነካበት የማይወዳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ካራውና የሚበላው። ካራውን ከአባቱ ወርሶታል። ስለቱ ከመሳል ብዛት ሳስቷል፣ እጀታው ሁለቴ ተቀይሯል፣ እሱ ግን "ያው የአባቴ ካራ ነው" ይላል። ስለሚበላውማ አይነሣ። እናቴ በሕይወት ሳለች "ጨው ቀንስ" ስትለው ዓይን ዓይኗን እያየ ጨው የሚጨምር ሰው ነበር። እኔ እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ሆኜ ሳለሁ ሥጋ መርማሪ ሆንኩ።

ሥጋ መርማሪ የታረደ ከብት ለሰው ይሆን እንደሆነ አይቶ ማኅተም የሚመታ፣ ካልሆነም "አይበላም" የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩት ባኮ ነበር። ባኮ ይሞቃል። ጠዋት የታረደ ሥጋ እስከ ምሳ ሰዓት ጠረኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ እዚያ ቶሎ መቆጣትን ተማርኩ። ሁለት ዓመት ከሉካንዳ ባለቤቶች ጋር ስጨቃጨቅ አለፈ። እውነቱን ልናገርና፣ "አይበላም" ማለት ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ቃል ከአፌ ወጥታ አንድ ሙሉ በሬ ጉድጓድ ሲገባ ማየት፣ ትናንት ከትምህርት ቤት ለወጣች ልጅ ብዙ ሥልጣን ነው። ወደ አምቦ ስዛወር ያንኑ ቃል በፕላስቲክ ቦት ጫማዬና በነጭ ጋዎኔ ይዤ መጣሁ።

ሰፈራችን ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በየፋሲካው አሥራ ሁለት ቤት ተዋጥቶ አንድ ሰንጋ ይገዛል፤ ሰንጋው በእኛ ግቢ ይታረዳል፤ ብልት የሚያወጣውም አባቴ ነው። ቅርጫ እንደ ሉካንዳ ቤት አይደለም። ሉካንዳ ቤት የወደዱትን ጠቁመው ያስቆርጣሉ፤ በቅርጫ ግን ለሁሉም ከሁሉም ይደርሰዋል። ከሻኛው፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ። ልቡ አሥራ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፣ ምላሱም አሥራ ሁለት ቦታ። መሬት ላይ በተነጠፈ ኮባ አሥራ ሁለት መደብ ይደረደርና አባቴ እየዞረ ከዚህኛው ቀንሶ ከዚያኛው ላይ ይጨምራል፤ በዓይኑ ነው የሚመዝነው። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ምልክት ያዋጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና በየመደቡ ላይ አንዳንድ ይጥላል። የደረሰህ ደረሰህ ነው። ዕጣ የእግዜር ስለሆነ ከዚያ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔ የሆነች አንዲት ነገር ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ አባቴ ከደረሰን መደብ ለስላሳውን መርጦ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ይቆርጣል። በእንጀራ ጠቅልሎ፣ አዋዜ አስነክቶ እኔን ያጎርሳል። እናቴን ሳይሆን፣ ኋላ ከቤት የወጣውን ወንድሜንም ሳይሆን፣ እኔን። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። አባቴ "እወድሻለሁ" የሚል ሰው አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በካራው ይለዋል፣ እኔም ይገባኛል። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል በማይክሮስኮፕ ካየሁ በኋላ እንኳ ያቺን ጉርሻ እምቢ ብዬ አላውቅም። ለዓለም ሁሉ "አብስላችሁ ብሉ" እያልኩ ለእሷ አፌን እከፍት ነበር። ግብዝነት ነው፣ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤት ያሉ ጓደኞቼ ሲሰሙ "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ፋሲካ፣ ቅርጫ የሚያርድ ሁሉ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ሥጋውም ሳይመረመር እንዳይከፋፈል ማስታወቂያ ወጣ። ወረቀቱን በየቀበሌው የለጠፍነው እኛው ነን። አንዱን ለአባቴ ይዤለት ገባሁ። መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው።

"መንግሥት አፌ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለኝ።

"አፍህ ውስጥ አይደለም አባባ፣ ሥጋው ውስጥ ነው።"

"ሥጋው ታዲያ የት ነው የሚገባው?"

እኔም እልኸኛ ነኝ፤ በማን ልውጣ። "ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ምን እንደምትበላ ሌላ ሰው አይደል እንዴ የሚነግርህ? ይኸው ሁዳዴን በሽሮ ጨረስከው" አልኩት።

"እሱን ማን አስገደደኝ? ልጹም ብዬ ጾምኩ። ብገድፍ ቄሱ ፖሊስ ይልክብኛል?"

ለዚህ እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። አባቴ በሕይወቱ አንድ ጾም ገድፎ አያውቅም፤ ታዟል፣ ግን ወዶ ነው የታዘዘው። እኔ ይዤለት የመጣሁት ወረቀት ግን "ወደድክም ጠላህም" ነበር የሚለው።

ያስታረቀን ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ነው። ከአባቴ ጋር አርባ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተው ኖረዋል፤ አንዱ በአማርኛ ሲጀምር ሌላው በኦሮምኛ ይጨርስለታል። እኔን "ኢንታላ ኮ" ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። "ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ" አለ እጁን እያወዛወዘ። "ቅዳሜ ሹር ከቄራ ስትመለሺ እንጠብቅሻለን። አይተሽ ስታበቂ እንካፈላለን። ይኼ ምን ያጣላል?" አባቴ አልመለሰም። እሱ ዝም ሲል እሺ ማለቱ ነው ብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ቄራ ዋልኩ። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባጃጅ እየበረርኩ ቤት ደረስኩ። ግቢው ሰው ሞልቷል፤ ኮባው ተነጥፏል፤ አሥራ ሁለቱ መደብ ተደርድሯል። ምልክት የጣለው መንገደኛም ተመስግኖ ሄዷል።

"አባባ፣ ሳትጠብቁኝ?"

"ሰው ጾሙን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቁምልሽ?" አለ ካራውን በጨርቅ እየጠረገ። "ይኸው ሥጋው። መርምሪ።"

"ልቡን ስጡኝ።"

"የቱን ልብ?" አለ አንድ ጎረቤት፣ ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ልቡ አሥራ ሁለት ሆኗል። የኮሶ ትል ፍሬ መጀመሪያ የሚፈለገው ልብ ላይ፣ ምላስና መንጋጋ ላይ ነው። ሙሉ ልብ ሰንጥቆ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ኮባ ለኮባ እያጎነበሱ ፍርፋሪ ልብ መፈለግ ሌላ። ያም ሆኖ ቦት ጫማዬን እንዳደረግሁ መደብ በመደብ ሄድኩ። ስምንቱን አየሁ፣ ምንም የለም። ሰዉ ጠበል ልቀምስ የቆምኩ ይመስል በትዕግሥት ያየኛል።

ዘጠነኛው የልብስ ሰፊዋ መደብ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ከልቡ ቁራጭ ላይ አገኘኋት፤ የአተር ፍሬ የምታክል ውሃ የቋጠረች ከረጢት፣ መሃሏ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። አልተጠራጠርኩም። ቆረጥኳትና ማስረጃ ናት ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት። ከዚያ ቀና ብዬ የለመድኩትን ቃል ተናገርኩ።

"ይህ ሥጋ ጥሬውን አይበላም።"

ያኔ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ከእሷና ከእኛ በቀር አሥሩ ቤት ሁሉ የየራሱን ኮባ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። "የእኔ ደህና ነው አይደል?" "የእኔን አይተሽው የለ፣ ምንም የለውም ብለሽ አልፈሻል።" "ያው ዕጣዋ ሆኖ እንጂ።" ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ "ዕድሌ ነው፣ ምን አደርጋለሁ" አለች። ሥጋው ዕጣ ሲጣልበት በሽታውም አብሮ ዕጣ የወጣለት መሰላቸው። ጮክ ብዬ "በሬው አንድ ነው! የአንዱ መደብ ላይ ካለ የሁሉም ላይ ሊኖር ይችላል!" አልኩ፤ ማን ይስማኝ።

አባቴ ግን ተነሣ። የራሱን መደብ ከነኮባው አነሣና ልብስ ሰፊዋ እግር ሥር አስቀመጠው፤ የእሷን አንሥቶ በራሱ ቦታ አደረገው። "አንቺ የእኔን ውሰጂ። ለልጆችሽ ንጹሑን ውሰጂ። እኔን ኮሶ አይገድለኝም፣ አባቴንም አልገደለውም" አላት። ሰዉ በሙሉ መረቀው። እኔ በአንድ ጊዜ ተናደድኩበትም ኮራሁበትም። ከዚያ የበለጠ ደግነት በዚያ ግቢ አይቼ አላውቅም፣ ግን ደግነቱ ስሕተት ነበር። የሰጣት መደብ የዚያው በሬ ሥጋ ነው።

በደንቡ መሠረት ወዲያው ደንብ አስከባሪ ጠርቼ ሥጋውን ማስያዝ እችል ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ኀምሳ አምስት ቀን የጾሙ አሥራ ሁለት ቤቶች ፊቴ ቆመዋል፤ ነገ ፋሲካ ነው። አልደወልኩም። የተገኘውም ጥቂት ስለሆነ በደንብ ከበሰለ ምንም እንደማያደርግ አውቃለሁ። ያንን በደግ ቃል ብናገረው ምን ነበረበት? እኔ ግን "ጥሬውን የበላ ሰው ሪፖርት ይደረግበታል!" ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ሥጋውን በሳፋ አድርጎ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ድረስ ቤት ለቤት ዞርኩ። ደጁን ከፍቶ ያስገባኝ መጀመሪያ መምህሩ ነው።

"ኢንታላ ኮ፣ ስትጮሂ ሰማሁሽ" አለኝ። "ያየሽውን ግን አላሳየሽንም። ኪስሽ ከተትሽው።"

ፊቴ ጋለ። ፌስታሉን አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁለት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና አፍንጫውን አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አየው። በጥፍሩ ነካ አደረገው። "ዱጋ ዳ" አለ በመጨረሻ፣ እውነት ነው። "ይቺ ናት እንግዲህ። እኛ ቤት ይቀቀላል። ሂጂ፣ ለሌሎቹም እንዲሁ አሳያቸው።"

አሳየኋቸው። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ስደርስ "አባትሽ የሰጡኝ እኮ ንጹሑን ነው" አለችኝ። የያዝኩትን አሳየኋትና በሬው አንድ መሆኑን ተረጋግቼ ነገርኳት። ልጆቿም አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ድስቱን ጥጄ አልነሣም" አለች። አሥራ አንዱንም ቤት አዳረስኩ። የቀረኝ የራሴ ቤት ብቻ ነበር፤ እዚያ አባቴ ፌስታሉን ለማየት ፊቱን እንኳ አላዞረም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ካራውን አነሣ። ከልብስ ሰፊዋ የወሰደውን መደብ ፊቱ አድርጎ ለስላሳውን መረጠ፣ ቆረጠ፣ በእንጀራ ጠቀለለ፣ አዋዜ አስነካ፤ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ዓይኑ "ዛሬ ልጄ ነሽ ወይስ መንግሥት?" ይለኛል። አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ የትናንቱ ሁሉ ቀልድ ይሆን ነበር። አፌን ዘጋሁ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው። ያንን ቀን ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ያጣሁት ነገር ዳግም የሚመጣ አልመሰለኝም።

ክረምቱ ገባ። አባቴ ከእኔ ጋር "እህል በላሽ? ቡና አለ?" ከማለት ያለፈ አይነጋገርም። በሐምሌ አንድ ቀን መምህሩ ደወለልኝ። "አባትሽ ኮሶ ጠጥቶ ግቢው ውስጥ ወደቀ፤ ቶሎ ነይ።" በእነሱ ዘመን ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣቱ እንደ ጸጉር መቆረጥ ነበር፤ አንዱ ከቤት ሳይወጣ ከዋለ "መድኃኒት ጠጥቷል" ይባላል፣ ማንም አይጠይቅም። ሆኖም ያ ለጎረምሳ ነው። አባቴ ሰባ ሊደፍን ነው። ትሉ እንደያዘው ለእኔ ከመናገር ይልቅ የኮሶውን አበባ አስፈጭቶ በጥብጦ ጠጣው፤ ሆዱን አጥቦ አጥቦ አቅሙን ጨረሰው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ጉሉኮስ ተሰቀለለት፣ ኪኒን ተሰጠው። ነርሷ "አባት፣ አንድ ኪኒን የሚጨርሰውን ነገር ለምን ነፍስዎን ያስጨንቋታል?" ስትለው ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ሳበ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የምናገረውን ሳማርጥ ነበር። ወሬ ሞልቶኝ ነበር፤ "አላልኩህም?" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እሱ ግን ቀደመኝ።

"የልብስ ሰፊዋ ልጆች ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ምነው?"

ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ከዚያ "የሰጠኋት የዚያው በሬ ነው ለካ" አለ። "ንጹሑን ብዬ። ለሕፃናት።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ የፈራው ለራሱ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ሲያኮራው የነበረው ደግነት ሆዱ ውስጥ ተገልብጦበት ነበር። "አባባ፣ እሷ ቀቅላ ነው ያበላቻቸው" አልኩት። "ማታውኑ ሄጄ ያገኘሁትን አሳየኋት። ልጆቹ ምንም አልሆኑም።" ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጆሮው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። "አላልኩህም?" የሚለውን ቃል ዋጥኩት፤ ጥሩ አድርጌያለሁ።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ ላይ አንድ ነገር ቀየርኩ። "አይበላም" ከማለቴ በፊት ማሳየት ጀመርኩ። ሉካንዳ ቤት ስሄድ ባለቤቱን "ና እስቲ፣ እይ" እለዋለሁ። ቆርጬ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ አለቃዬም አንዳንዴ ይነጫነጫል። የሚጨቃጨቀኝ ሰው ግን ቀነሰ። ደንቡ ያው ነው፣ ማኅተሙም ያው ነው፤ እኔ ነኝ የተቀየርኩት።

በተከታዩ ዓመት ኮሮና መጣና ፋሲካው ቅርጫ የሌለበት ሆነ። ሰው ከሰው አይጠጋም፤ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ታጠቡ፣ ራቁ፣ አብስላችሁ ብሉ ይላል። አባቴ ሬዲዮውን እሺ አለው። እኔና እሱ ጠረጴዛ ዳር ለዳር ተቀምጠን የዶሮ ወጥ በላን። ግቢው ባዶ ነበር። "ሥጋውን ያን ያህል አልናፈቅሁትም" አለ አጥሩን እያየ። "ሰዉን ነው።" አላጎረሰኝም። እሱን የያዘው ንዴት እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ያፈረ ሰው እጁ ቶሎ አይዘረጋም።

ቅርጫው የተመለሰው በሚቀጥለው ፋሲካ ነው። የቅዳሜ ሹር ዕለት ከረፋዱ ስልኬ ጠራ። አባቴ ስልክ የሚደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ደንግጬ አነሣሁት።

"በሬው ተገፏል። ልቡንም ምላሱንም ማንም አልነካም፣ ጭንቅላቱም እንዳለ ነው። ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?"

"ሥራ አለብኝ አባባ፤ ስምንት ሰዓት ብሆን ነው።"

"እንጠብቃለን" አለና ዘጋው።

ስደርስ አሥራ ሁለቱም ቤት አጥር ጥላ ሥር ተቀምጧል። ገና አንድም መደብ አልወጣም። ባዶው ኮባ እንደተነጠፈ ነው። አንዳንዱ "ኧረ መሸ" እያለ ያጉረመርማል፤ መምህሩ "ተው፣ ፈቅደን ነው የጠበቅነው" ይለዋል። የእኔን ቢላዋ ከቦርሳዬ ሳወጣ አባቴ በስላቅ አየውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ያቺ ዱልዱም ናት። በዚህ ክፈቺው።"

ካራውን በእጀታው በኩል ዘረጋልኝ። በዚያ ግቢ ያን ካራ ከእሱ እጅ የተቀበለ ሰው አይቼ አላውቅም። ልቡን ሰነጠቅሁት፤ እንደ መጽሐፍ ገለጥኩት። ምላሱን፣ መንጋጋውን፣ ከወርቹ ሥጋም በየቦታው በጣጥሼ አየሁ። ልብስ ሰፊዋና ልጆቿ ትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው አብረውኝ ያያሉ።

"እህ?" አለ አባቴ።

"ጥሬውን መብላት..." ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ።

"ፈቃድ አልጠየቅሁሽም። ያየሽውን ነው የጠየቅሁሽ።"

ሰዉ ሊስቅ ዳዳው፣ ግን አልሳቀም። እኔም ትንፋሼን ሰብሰብ አደረግሁና ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ። "ምንም አላገኘሁበትም። ማኅተም እመታበታለሁ። ግን በጣም ጥቂት ከሆነ ዓይን ሊስተው ይችላል፤ የበሰለ ይሻላል። የማውቀው ይህንን ነው።"

አባቴ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። "ሰምታችኋል። በሬው አንድ ነው፤ ከዚህ ያለፈው የየቤታችሁ ጉዳይ ነው።" ከዚያ ካራውን ከእጄ ተቀብሎ ብልት ማውጣት ጀመረ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ትንሽ አሸለብኩ። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የሽንኩርት ጭስ ነው። አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ገብቶበት የማያውቀው ማዕድ ቤት ውስጥ መጥበሻ ይዞ ቆሟል። ጥብስ ይጠብሳል፤ ግማሹ አርሯል። ጎኑ ላይ ትንሽ ጥሬ ሥጋ በሰሃን አስቀምጧል። ጠረጴዛው ጋ ስንቀመጥ መጀመሪያ ከሰሃኑ አንዲት ቀጭን ቁራጭ በካራው ቆረጠ፣ አዋዜ አስነካና በራሱ አፍ ከተታት። ዓይኑን ከዓይኔ አላነሣም።

"ይቺ የእኔ ናት። አውቄ ነው የበላኋት" አለ።

"አይቻለሁ" አልኩት።

ከዚያ ወደ መጥበሻው ዞረ። ሲመርጥ ቆየ፤ ብዙም ያላረረውን አንሥቶ በእንጀራ ጠቀለለ፣ አዋዜ አስነካ፣ እጁን ዘረጋልኝ። "ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት።"

አፌን ከፈትኩ። ጨው በዝቶበታል፣ ሽንኩርቱም መሯል፤ እያኘክሁ እንባዬ መጣ። ጨርሼ እስክውጥ ጠበቀኝ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ።